ከደጀ ሰላም ሆኖ ማድመጥ፦ የቢቢሲ ሬዲዮ 3 ‹ኮራል ኢቨንሶንግ›

አቅራቢው የሚናገረው ጥቂት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ጸሎቱ ከየትኛው ካቴድራል ወይም ከየትኛው የኮሌጅ ጸሎት ቤት እንደሚተላለፍ ይገልጻል፤ በዕለቱ የሚዘመሩትን ሥራዎችና የደራሲዎቻቸውን ስም ይዘረዝራል፤ ከዚያም ዝም ይላል። ቀጥሎ ወደ ጆሮ የሚገባው የትልቅ ሕንፃ አየር ነው፦ ከሩቅ የሚሰማ ሳል፣ የአግዳሚ ወንበር ሲጥሲጥታ፣ በድንጋይ ወለል ላይ የሚራመድ እግር። መዘምራኑ አፋቸውን እስኪከፍቱ ድረስ ያሉትን እነዚያን ጥቂት ሰከንዶች ከሌላው የፕሮግራሙ ክፍል አስበልጬ እወዳቸዋለሁ። ሬዲዮ ጸጥታን እንደ ብልሽት ይፈራዋል፤ ይህ ፕሮግራም ግን ጸጥታውን የሥርዓቱ አካል አድርጎ ያስተላልፈዋል።

‹ኮራል ኢቨንሶንግ› በመዘምራን የሚቀርብ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሠርክ ጸሎት ሲሆን፣ ሬዲዮ 3 በየሳምንቱ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ያስተላልፈዋል፤ እሑድ ደግሞ ይደግመዋል። አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 1926 ከለንደኑ ዌስትሚንስተር አቢ ነበር (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቢቢሲ ራሱ ሥራ የጀመረው በ1922 በመሆኑ ፕሮግራሙ ከጣቢያው በአራት ዓመት ብቻ ያንሳል፤ ከስቱዲዮ ውጭ ከሚተላለፉት የቢቢሲ ፕሮግራሞች መካከልም በዕድሜ የሚስተካከለው የለም። እኔ የዚያ ቤተ ክርስቲያን አባል አይደለሁም፤ የሙዚቃ ኖታም በቅጡ አላነብም። ለብዙ ዓመታት በትጋት የተከታተልኩ አድማጭ ብቻ ነኝና፣ ይህንን ግምገማ የምጽፈው መንፈሳዊ ዜማ ለሚወድ፣ ነገር ግን ከሳምንቱ አንድ ሰዓት ለዚህ መስጠት ያዋጣል ወይ ብሎ ለሚያመነታ የአማርኛ አንባቢ ነው። በእኔ ግምት ያዋጣል። የሚያዋጣበት ምክንያት ግን ብዙ ሰው የሚጠብቀው ዓይነት ስላልሆነ ዘርዘር አድርጎ መናገር ያስፈልጋል።

ብዙው አድማጭ የሚጠብቀው ኮንሰርት ነው። የእንግሊዝ ካቴድራል መዘምራን ዝና በዓለም የናኘ በመሆኑ፣ የተመረጡ ሥራዎች በምርጥ ድምፅ ተቀድተው በቅደም ተከተል ይቀርባሉ ብሎ ያስባል። የሚያገኘው ግን እርሱ ኖረም አልኖረም የሚደርስ ጸሎት ነው። «ውድ አድማጮቻችን» የሚል የለም፤ ስብከት የለም፤ የሚነበበው የመጽሐፍ ክፍል ምን ማለት እንደሆነ የሚያብራራ የለም። ቅደም ተከተሉ የተወሰነው የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ክራንመር በ1549 ባወጣው የጸሎት መጽሐፍ ነው፤ ክራንመር ቀድሞ ለየብቻ ይደርሱ የነበሩትን የሠርክና የንዋም ጸሎቶች አዋሕዶ፣ ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ፣ አንድ አጭር የማታ ጸሎት አደረጋቸው። ዛሬም በብዛት የሚሰማው ቃል የ1662ቱ እትም ነው። ሬዲዮው በዚህ ላይ የሚጨምረው ማይክሮፎን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። አርፍዶ መጥቶ ደጀ ሰላም ላይ የቆመ ሰው ሁሉንም ይሰማል፤ ግባ የሚለውም ውጣ የሚለውም የለም። ፕሮግራሙ አድማጩን የሚያቆመው እዚያ ላይ ነው፤ ውበቱም ጉድለቱም ከዚሁ አቋቋም ይመነጫል።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ጣልቃ ይግባ። በ1923 በዚያው በዌስትሚንስተር አቢ የተፈጸመው የዮርኩ መስፍን ጋብቻ በሬዲዮ ይተላለፍ ተብሎ ሲጠየቅ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች እምቢ ብለው ነበር፤ ከስጋቶቻቸው አንዱ ወንዶች መጠጥ ቤት ውስጥ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ጸሎቱን ይሰሙታል የሚል ነበር። በጃንዋሪ 1924 ከሴንት ማርቲን ኢን ዘ ፊልድስ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው የጸሎት ስርጭት ተካሄደ፤ ከዚያም በሁለት ዓመት ከምናምን ውስጥ አቢው ራሱ ለማይክሮፎን በሩን ከፈተ። ያ ስጋት በእርግጥ ደርሷል፤ እኔም ባርኔጣ ባላደርግ እንኳ ሽንኩርት እየከተፍኩ የሰማሁበት ቀን ብዙ ነው። ጸሎቱ ግን አልተጎዳም።

ለአማርኛ አንባቢ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከሁሉ የሚቀርበው ቃሉ ነው። ከመክፈቻው የጥያቄና የምላሽ ጸሎት በኋላ መዝሙረ ዳዊት ይዘመራል፤ ከብሉይ ኪዳን ይነበባል፤ ጸሎተ ማርያም ይከተላል፤ ከሐዲስ ኪዳን ይነበባል፤ ጸሎተ ስምዖን ይዘመራል፤ ጸሎተ ሃይማኖትና አባታችን ሆይ ደርሰው፣ በመጨረሻው ክፍል ‹አንተም› (anthem) የሚባለው ትልቁ የመዘምራን ዝማሬ ይቀርባል። ዳዊት የደገመ ሰው «ታዐብዮ ነፍስየ ለእግዚአብሔር» የሚለውን ከጸሎተ ነቢያቱ መካከል ያውቀዋል፤ «ይእዜ ትስዕሮ ለገብርከ በሰላም» የሚለውንም እንዲሁ። የእንግሊዞቹ የሠርክ ጸሎት ምሰሶዎች እነዚህ ሁለቱ ናቸው። መዘምራኑም በሁለት ወገን ፊት ለፊት ተያይተው የሚቆሙ ሲሆን፣ በስተደቡብ ያሉት ዴካኒ፣ በስተሰሜን ያሉት ካንቶሪስ ይባላሉ፤ አንዱ ወገን ሲያነሣ ሌላው ይቀበላል። ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ያሉበትን ማኅሌት ለሚያውቅ ሰው ይህ አሠራር ማብራሪያ አያሻውም፤ በጥሩ ጆሮ ማዳመጫ ሲሰማም ድምፁ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ሲሻገር በግልጽ ይለያል። ተመሳሳይነቱን ግን ከዚህ አላሳልፈውም፤ እነዚህ ሰዎች ከበሮም ጸናጽልም ሽብሸባም የላቸውም፤ የሚዘምሩትም በወረቀት ላይ ከሰፈረ ኖታ ነው።

ቃሉ በየሳምንቱ ያው፣ ዜማው በየሳምንቱ ሌላ መሆኑ ለዚህ ፕሮግራም ታላቅ ጸጋ ነው። አንድን ጸሎት ብዙ ደራሲዎች እንዴት እንደተረዱት ማመዛዘን የሚቻልበት እንዲህ ያለ ዕድል ሌላ ቦታ አላገኘሁም። ቻርልስ ቪሊየርስ ስታንፎርድ በጂ ቁልፍ (ዜማው በሚመሠረትበት ድምፅ) በጻፈው ጸሎተ ማርያም ውስጥ አንድ ሕፃን ብቻውን ከላይ ይዘምራል፤ ኦርጋኑ ከሥሩ ያለ ማቋረጥ ይሽከረከራል፤ ማርያም እንዝርት እያሾረች የምትጸልይ ያህል ነው ይሉታል የሚያውቁት። ወዲያው በሚከተለው ጸሎተ ስምዖን ደግሞ አንድ ወፍራም የባስ ድምፅ የሽማግሌውን ቦታ ይይዛል። ሕፃኑና ሽማግሌው በአንድ ጸሎት ውስጥ በዚህ ዓይነት ሲገናኙ፣ ቃሉን ለማይሰማ ሰው እንኳ ነገሩ ይገባዋል። ከስታንፎርድ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ የነበረው ዊሊያም በርድ ግን ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። በርድ ካቶሊክ ሆኖ ሳለ ለፕሮቴስታንቷ ንግሥት ኤልሳቤጥ ቤተ ጸሎት ይዘምር የነበረ፣ በሃይማኖቱም ምክንያት ክስ የተመላለሰበት ሰው ነው፤ ‹ግሬት ሰርቪስ› የተባለውን ሰፊ ሥራውን የጻፈው እምነቱ ላልሆነችው ቤተ ክርስቲያን ነበር። በሥራው ውስጥ ጎልቶ የሚወጣ ብቸኛ ሰው አይሰማም፤ ድምፆቹ አንዱ ካንዱ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። የዚያው ዘመን ሰው ቶማስ ዊልክስ ደግሞ በ1617 ከቺችስተር ካቴድራል ሥራው የተባረረው በስካርና በስድብ ነው፤ የጻፋቸውን መዝሙራት ሰምቶ ይህን መገመት የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከሁሉም በላይ ግን ይህ ፕሮግራም ያስተዋወቀኝ ኸርበርት ሃወልስን ነው። ሃወልስ በ1892 ተወልዶ በ1983 ያረፈ ሲሆን፣ በ1935 የዘጠኝ ዓመት ልጁን ማይክልን በሞት ተነጥቋል፤ ከዚያ በኋላ በጻፋቸው ብዙ ሥራዎች ውስጥ ይህ ሐዘን እንዳለ ሕይወቱን ያጠኑት ሁሉ ይስማሙበታል። ለሠርክ ጸሎት ሲጽፍ የሚያስበው መዘምራኑን ብቻ አልነበረም፤ ሕንፃውንም ጭምር ነበር። በ1945 የጻፈው ለካምብሪጁ ኪንግስ ኮሌጅ ነው፤ በ1946 ለግሎስተር ካቴድራል፣ በ1951 ለለንደኑ ሴንት ፖል ካቴድራል ጻፈ። ሴንት ፖል ግዙፍ ጉልላት ያለው ሕንፃ በመሆኑ አንድ ድምፅ ወጥቶ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ብዙ ሰከንዶች ያልፋሉ፤ እዚያ ውስጥ ኅብረ ድምፁ (በአንድነት የሚሰሙት ድምፆች) ቶሎ ቶሎ ከተለዋወጠ ያለፈው ከሚመጣው ጋር ተደባልቆ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ሃወልስ ለሴንት ፖል በጻፈው ሥራ ለውጡን ዘገም አደረገው፤ እያንዳንዱ ኅብረ ድምፅ ሰፊ ቦታ አገኘ። የኪንግሱ ሥራ በአንጻሩ የሚጀምረው በልጆቹ ቀጭን ድምፅ ብቻ ነው፤ «ገዢዎችን ከዙፋናቸው አዋረደ» የሚለው ቃል ሲደርስ እንኳ ጉልበት አይበዛበትም፤ ሃወልስ ይህ የአንዲት ሴት ጸሎት መሆኑን መርሳት አልፈለገምና። በጸሎተ ስምዖኑ አንድ ቴነር ብቻውን ሲገባ፣ መዘምራኑ ከሥሩ ቀስ ብለው ይከተሉታል። እነዚህን ሥራዎች ከተጻፉላቸው ሕንፃዎች በቀጥታ መስማት በሌላ ቦታ ከተቀዱበት ዲስክ የተለየ ነገር ነው፤ ግድግዳው እንደ አንድ ዘማሪ ተቆጥሮ ተጽፏልና።

ይሁን እንጂ የአንድን መዘምራን ቡድን ችሎታ መመዘን ለሚፈልግ ሰው መለኪያው እነዚህ ታላላቅ ሥራዎች አይደሉም። መለኪያው መዝሙረ ዳዊት ነው። በጸሎት መጽሐፋቸው ሥርዓት መሠረት 150ው መዝሙር በ60 ክፍል ተከፍሎ በወር በ30 ቀን ጠዋትና ማታ ይዳረሳል፤ ወሩ 31 ቀን ከሆነ የ30ኛው ቀን ይደገማል። እኛ ዳዊትን ለሰባቱ ቀናት አካፍለን እንደምንደግመው፣ እነርሱም በወሩ ቀን ይከፍሉታል። (በቁጥሩ የሚደናገር ሰው እንዳይኖር፦ የእንግሊዝኛው ቁጥር በአብዛኛው ከግዕዙ ዳዊት በአንድ ይበልጣል፤ የእነርሱ 23ኛ የእኛ 22ኛ ነው።) ትርጉሙ ማይልስ ከቨርዴል በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ያዘጋጀው ነው። ዜማው በመጠኑ እጅግ ትንሽ ነው፤ ነጠላው ዜማ አሥር ኖታ ብቻ፣ ድርቡ ደግሞ ሃያ ኖታ አለው። በእያንዳንዱ ሐረግ መጀመሪያ ያለው ኅብረ ድምፅ ቃሉ የፈለገውን ያህል ይሸከማል፤ ሁለት ቀለም ቢሆንም ሃያ ቀለም ቢሆንም ቃሉ እስኪያልቅ ድረስ በዚያው ላይ ይነገራል፤ ከዚያም ወደ ማሳረፊያው ይወርዳል።

ችግሩ ያለው እዚህ ነው። የቃሉ ፍጥነት በኖታ አልተጻፈም። ሃያና ሠላሳ ሰዎች አንድን ረጅም ዓረፍተ ነገር በንግግር ፍጥነት፣ በአንድ ትንፋሽ፣ አንዱ ቀለም ሳይቀድም ሌላው ሳይዘገይ እንዲናገሩት የሚያደርጋቸው አብሮ የመኖር ልማድ ብቻ ነው። በየዕለቱ አብረው የሚዘምሩ ሰዎች በሦስተኛው ቁጥር ላይ ይታወቃሉ፤ ለዕለቱ የተሰባሰቡትም እንዲሁ። በወሩ 15ኛ ቀን ማታ የሚደርሰው 78ኛው መዝሙር ሰባ ሦስት ቁጥር አለው፤ እስራኤል ከግብፅ ወጥቶ ሲያጉረመርም፣ ሲቀጣ፣ ሲመለስ፣ ደግሞ ሲያጉረመርም የሚተርክ ነው። ያ ቀን ረቡዕ ላይ ሲውል ፕሮግራሙ አያመልጠኝም። የኦርጋን ተጫዋቹ ብልሃትም የሚፈተነው ያኔ ነው፤ ዜማው ያው ሆኖ ሳለ በረዶው ሲዘንብ፣ መና ሲወርድ፣ ባሕሩ ሲከፈል የሚያሰማው የድምፅ ጠባይ በየጊዜው ይለያያል፤ አንዳንዴም እጁን አንሥቶ መዘምራኑን ብቻቸውን ይተዋቸዋል። ይህ በኖታ ላይ የማይገኝ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የሚተላለፍ ሙያ ነው። ስለ ታላላቆቹ ደራሲዎች የሚጽፉ ብዙ ገምጋሚዎች መዝሙረ ዳዊቱን በአንድ መስመር ያልፉታል፤ በእኔ አስተያየት ተሳስተዋል።

ስለ ድምፁ ጥራት ጥቂት ልበል። ሬዲዮ 3 በኢንተርኔት በሴኮንድ 320 ኪሎቢት በሆነ መጠን ስለሚተላለፍ፣ ደህና መሣሪያ ላለው ሰው የሚቀርበት ነገር ጥቂት ነው። የድምፅ ባለሙያዎቹ ከባድ ምርጫ አለባቸው፦ ማይክሮፎኑ ወደ መዘምራኑ ከቀረበ ቃሉ ይጠራል፣ ሕንፃው ግን ይጠፋል፤ ከራቀ ሕንፃው ይሰማል፣ ቃሉ ይደበዝዛል። እንደምሰማው ከሆነ የሚያዘነብሉት ወደ ሕንፃው ነው፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ግን አድማጩም የድርሻውን መወጣት አለበት። በስልክ ስፒከር የሚሰማ ሰው ፕሮግራሙን አልሰማም። የትልልቆቹ ኦርጋኖች 32 ጫማ የሚረዝመው ቧንቧ የሚያወጣው ዝቅተኛ ድምፅ በሴኮንድ 16 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ በመሆኑ ከጆሮ ይልቅ ደረት ነው የሚሰማው፤ ትንሽ ስፒከር ያንን ጨርሶ አያወጣውም። በሌላ በኩል ጸሎቱ እጅግ ዝቅ ብሎ የሚሰማበት ጊዜ አለ፤ ድምፁን ከፍ አድርገው ሲያዳምጡ ኦርጋኑ በድንገት ተነሥቶ ቤቱን ያናውጠዋል። ጎረቤት ያለው ይጠንቀቅ።

በርካቶቹ ስርጭቶች በቀጥታ የሚተላለፉ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ቀድመው ይቀረጻሉ፤ በ2020 ወረርሽኙ አብያተ ክርስቲያናቱን በዘጋበት ጊዜ ከማኅደር የወጡ የቀድሞ ዓመታት ስርጭቶች ተሰምተዋል። ልዩነቱን ማንም ሳይነግረኝ የምለየው ይመስለኛል፤ ምናልባትም ራሴን እያታለልኩ ይሆናል። በቀጥታ ስርጭት ላይ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ብቻውን ከፍ ያለውን ኖታ ሊይዝ ሲዘጋጅ፣ ከትንፋሹ በፊት ያለችው ቅጽበት ሌላ ክብደት አላት። ኖታዋ ትንሽ ብትንሸራተት የሚያርማት የለም። የምታልፈውም በዚያው ነው፤ ጸሎቱ ይቀጥላል። በስቱዲዮ ተቆራርጦና ተጣብቆ ፍጹም የሆነ ቅጂ የለመደ ጆሮ መጀመሪያ ላይ ይህን እንደ ጉድለት ሊቆጥረው ይችላል።

ሕዝብ ሁሉ የሚያውቀው ግን ይህን ሳይሆን የገናውን ዋዜማ ስርጭት ነው። በካምብሪጁ ኪንግስ ኮሌጅ በዲሴምበር 24 ቀን፣ ለንደን ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት (እነርሱ 3 በሚሉት) የሚደርሰው የዘጠኙ ምንባባትና የገና መዝሙራት ጸሎት፣ በ1880 በትሩሮ ከተማ የተጀመረውን ሥርዓት ተከትሎ በ1918 የተቋቋመ ነው። ያዘጋጀው ኤሪክ ሚልነር ዋይት በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጦር ሠራዊት ቄስ ሆኖ ያገለገለ ሰው ነበር፤ በመክፈቻ ጸሎቱ ውስጥ በሌላኛው ዳርቻ ሆነው ከእኛ ጋር ደስ የሚላቸውን የሚያስበው ቃል ከዚያ ጦርነት ተለይቶ ሊሰማ አይችልም። ሬዲዮው ከ1928 ጀምሮ፣ ከ1930 በስተቀር፣ በየዓመቱ አስተላልፎታል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እንኳ፣ መስኮቶቹ የቀለም መስታወቶቻቸው ወልቀው፣ ለጥንቃቄ ሲባል የቦታው ስም ሳይጠራ ተላልፏል። አንድ ሕፃን ብቻውን የመጀመሪያውን መዝሙር ይጀምራል፤ ከልጆቹ መካከል ማን እንደሚሆን መሪው የሚያሳውቀው በመጨረሻዋ ቅጽበት ነው። ምንባቦቹንም ከአንድ ሕፃን ዘማሪ ጀምሮ እስከ ኮሌጁ አለቃ ድረስ በተዋረድ ያነባሉ።

ሥርዓቱ ውብ ነው፤ እኔም በየዓመቱ እሰማዋለሁ። ነገር ግን ዓለም ሁሉ እየሰማ መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል፤ ድምፆቹ ላይ ያ ዕውቀት ይሰማል። የተራው ረቡዕ ዘማሪ ይህ ሸክም የለበትም። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል፣ ገናውን ትቼ በፌብሩዋሪ ብርድ ከአንዲት ትንሽ ካቴድራል የሚመጣውን የሠርክ ጸሎት እመርጣለሁ።

ጉድለቶቹን ሳልናገር ብቀር ግምገማ አይሆንም። የመጀመሪያው፣ ቃሉ ብዙ ጊዜ አይሰማም። ክራንመር በ1544 ለንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በጻፈው ደብዳቤ ለየቀለሙ አንድ ኖታ ይሁን፣ ቃሉ በግልጽ ይሰማ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ይህ ምክር በጉልላቱ ሥር ሲደርስ ማስተጋባቱ ይውጠዋል። እንግሊዝኛ አፍ የፈታበት ላልሆነ ሰው አንተሞቹ በተለይ ይከብዳሉ፤ ጽሑፉን ፊቱ ካላደረገ ግማሹን እንኳ አይይዘውም። ሁለተኛው፣ አቅራቢዎቹ አድማጩ ሁሉን እንደሚያውቅ አድርገው ያስባሉ። የደራሲ ስምና የአንድ ቁልፍ ፊደል ብቻ ተጠርቶ ሲታለፍ፣ አዲስ ሰው ስሙን ከመስማት ያለፈ የሚጨብጠው የለውም። ማብራሪያ አለመብዛቱን ከላይ አመስግኛለሁ፤ ቢሆንም በመክፈቻው ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጨመር ጸሎቱን የሚጎዳ አይመስለኝም። ሦስተኛው የሥራ ምርጫ ነው፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በሃያኛው መጀመሪያ የተጻፉት እየተመላለሱ ይመጣሉ፤ ስታንፎርድን ወድጄ እንኳ በዓመት ይህን ያህል ጊዜ መስማት አልሻም። በሕይወት ያሉ ደራሲዎች፣ ለምሳሌ ጁዲት ዊርና ጄምስ ማክሚላን፣ ሲመጡ ጆሮ ነቃ ይላል።

የሴቶች ነገር ከዚህ ጋር ተያይዞ መነሣት አለበት። ለዘመናት ላይኛውን ድምፅ የሚዘምሩት ወንዶች ልጆች ብቻ ነበሩ፤ አልቶውንም (ከላይኛው ቀጥሎ ያለውን ድምፅ) በቀጭኑ ድምፃቸው የሚዘምሩት ወንዶች ነበሩ። ሳልዝበሪ ካቴድራል የሴት ልጆች መዘምራንን ያቋቋመው በ1991 ሲሆን ያኔ ትልቅ ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ የካምብሪጁ ሴንት ጆንስ ኮሌጅ ሴቶችን በመዘምራኑ የቀላቀለው በ2022 ነው። ዛሬ ፕሮግራሙን የሚከታተል ሰው አንድ ሳምንት ወንዶች ልጆችን፣ ሌላ ሳምንት ሴቶች ልጆችን፣ ሌላ ሳምንት ደግሞ የጎልማሶች ቡድንን ይሰማል። ወንዱን ከሴቷ ሁልጊዜ እለያለሁ አልልም፤ ስንት ጊዜ ገምቼ በመጨረሻ የተነገረው ሲያሳፍረኝ ኖሯል። የቡድኖቹን ልዩነት የሚያመጣው የመሪው እጅና የሕንፃው ጠባይ እንደሆነ ከዚያ በኋላ ተረድቻለሁ።

እንዲህ ያለ ፕሮግራም በየጊዜው የመቀጨት አደጋ ይገጥመዋል። በ1970 በወር አንድ ጊዜ ብቻ እንዲተላለፍ ተወስኖ ነበር፤ አድማጮች በደብዳቤ ተቃውሞ ስላዘነቡ ወደ ሳምንታዊነቱ ተመለሰ። በ1924 የተመሠረተውና አንዳንዴ ይህንኑ ጸሎት የሚዘምረው የቢቢሲ ሲንገርስ ቡድን በማርች 2023 ይዘጋ ተብሎ ሲታወጅም ተቃውሞው ውሳኔውን በዚያው ወር አስቀልብሶታል። ከተቃዋሚዎቹ ብዙዎቹ ቤተ ክርስቲያን የማይሄዱ ሰዎች ቢሆኑ አይገርመኝም።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው የምሰጠው ምክር አጭር ነው። የዕለቱ የዝማሬ ዝርዝር በፕሮግራሙ ገጽ ላይ ስለሚወጣ አስቀድሞ ይመልከተው፤ የመዝሙሩን ቁጥር ይያዝ፤ አንዱን ቀንሶ ከግዕዙ ወይም ከአማርኛው ዳዊት ያውጣው፤ ከፊቱ ዘርግቶ ያድምጥ። አንተሙን አይቸኩልበት፤ ለጊዜው ቢያመልጠውም ግድ የለም። ከተቻለ የወሩ 4ኛ ቀን ረቡዕ ላይ የሚውልበትን ሳምንት ይጠብቅ። መዘምራኑ የወሩን ሥርዓት የሚከተሉ ከሆነ በዚያ ማታ ሁለት መዝሙራት ተከታትለው ይደርሳሉ፦ «አምላኪየ አምላኪየ ነጽረኒ ወለምንት ኀደገኒ» የሚለውና «እግዚአብሔር ይሬእየኒ» የሚለው። የመጀመሪያው ረጅምና ጨለማ ነው፤ ሲያበቃ ስብሐቱ ይደርሳል፣ የሕንፃው ድምፅ ቀስ ብሎ ይከስማል፣ ኦርጋኑ በአንድ ለስላሳ ኅብረ ድምፅ ሌላውን ዜማ ያቀብላል፤ አንደኛው ወገንም ስለ እረኛው ይጀምራል።